ዘንጉ ሳይበርድ

«ፀጉር ነው አልኩሽ!»

«ፀጉር ቢሆንማ ስጠርገው ይነሣ ነበር።»

«እሺ፣ ጭረት ነው። በሞረድ ስንሠራው የተጫረ። አቦ፣ አታካብጂ!»

«ጭረት ላምባ አይጠጣም፣ ደጉ። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

ፋና በጀርባዋ ተንጋላ ከባለሦስት እግሯ ተሽከርካሪ ሥር ገብታለች። ወንድሟ ደግሰው ከጎኗ በክርኑ ተደግፎ የስልኩን መብራት የኋላው ዘንግ ላይ አብርቷል። ዘንጉ ላይ፣ ካቴናው የሚያዞረው ጥርሳም ብረት ከተበየደበት ቦታ አጠገብ፣ ነጭ የጠመኔ ዱቄት ተነስንሷል። በነጩ ዱቄት መካከል አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥቷል።

ዘዴው ቀላል ነው። ብረቱን ላምባ ይቀቡታል፤ ጥቂት ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ከዚያ ጠመኔ ይነሰንሱበታል። ብረቱ ደህና ከሆነ ዱቄቱ እንደ ነጣ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ውስጥ ገብቶ የተደበቀው ላምባ ቀስ ብሎ ይወጣና ዱቄቱን ያጠቁረዋል። ፋና ከትምህርት ቤት የጠመኔ ስባሪ ይዛ የመጣችው ልቧን ለማሳረፍ ብላ ነበር። ትናንት ድንጋይ ጭነው ሲሞክሯት ባለሦስት እግሯ ዳገቱን ያለ ችግር ወጥታለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ከሥር አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ሰምታለች። ደግሰው አልሰማሁም አለ።

«ስንጥቅ ከየት ይመጣል?» አለ አሁን፣ ድምፁ እየጨመረ። «ብረት የሚቀርጸው የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ እንዳለኝ ነው ያደረግኩት። ሳልበይደው በከሰል አሞቅኩት። በይጄ ስጨርስ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ቀስ ብሎ እስኪበርድ አልነካሁትም። አንቺም ነበርሽ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? ንገሪኝ!»

ፋና ዓይኗን ወደ ጠመኔው መለሰች።

«አየሽ? የለም» አለና ከሥሩ ተስቦ ወጣ። ሱሪውን እያራገፈ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ጨመረበት፦ «ነገ ገበያ ነው። አባ እሄዳለሁ ብለዋል። አባ! ይገባሻል?»

ይገባታል። ችግሩም እሱ ነው።

ደግሰው ላሊበላ ከተማ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ባለቤቱ ባጃጁን ሸጦ ሲሄድ ሥራ ፈትቶ ወደ ገነተ ማርያም፣ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ይዞ የመጣው ነገር ቢኖር የኋላ እግሯ የተሰበረ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። ከእሷ ሰውም እህልም የምትጭን ባለሦስት እግር ሊሠራ ተነሣ። የፊቷ ነገር ቀላል ነበር፤ ጭንቁ የኋላዋ ነው። ሞተር ሳይክል የሚያዞረው አንድ ጎማ ነው። የእነሱ ደግሞ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ በሁለቱ መካከልም ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ የሚሽከረከር ዘንግ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ዘንግ በልኳ ተሠርቶ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ደግሰው ወልድያ ወርዶ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ጠንካራ ዘንግ ከቁርጥራጭ ብረት መካከል መርጦ አመጣ፤ እዚያው ቶርኖ ቤት አስቀረጸው። ሁለቱም ጎማ ከዘንጉ ጋር ከታሰረ መታጠፊያ ላይ አንዱ እየተጎተተ እንደሚያስቸግር ያሰበችው ግን ፋና ናት። «የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ነው የሚዞረው» ብላ አፈር ላይ በእንጨት ሣለችለት። ግራውን አስረው ቀኙን ልቅ ተዉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሰው «ኢንጂነሯ» ይላት ጀመር፤ ግማሹ ፌዝ ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

አባታቸው ቄስ ሀብተ ሥላሴ ይህን ሁሉ ጊዜ ወደዚያ ብረት ዞር ብለው አላዩም። ደግሰው ዲያቆን ነበር። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ቅዳሴውን ትቶ ላሊበላ ወርዶ ባጃጅ ያዘ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከአንድ መሶብ በልተው አያውቁም። ደግሰው ወደ ቤት ከተመለሰም በኋላ ቄሱ ደጅ ሲወጡ በጓሮ በኩል ይዞራሉ፤ ብረቱ በተቀመጠበት በኩል አያልፉም ነበር።

እስከዚያች ቀን ድረስ።

ያን ቀን ደግሰው ብየዳውን ጨርሶ ዘንጉን አመድ ውስጥ ቀበረና መበየጃውን በአህያ ጭኖ ለባለቤቱ ለጣሃ ሊመልስ ሄደ። «ነይና ጠብቂው» አላት ለፋና። «ውሻም እንዳይጭረው። በተለይ ውሃ እንዳይነካው። ሰውዬው ውሃ ነክቶት ከበረደ እንደ ሸክላ ይሆናል ብሎኛል።»

ፋና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አባቷ መጡ። በአንድ እጃቸው የእጅ መስቀላቸውን፣ በሌላው ትንሽ ጀሪካን ይዘዋል፤ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገዋል። ግራና ቀኝ አዩ።

«የለም?»

«ጣሃ ጋ ሄዷል፣ አባ።»

«ደግ» አሉ። እንደ ተማሪ ልጅ አፍረዋል። «ይኸውልሽ፣ ሌሊት ኪዳን አድርሼ ስመለስ አሰብኩት። ለሰው በሬና ጎተራ እየባረክሁ የልጄን ድካም ባልፍ ምን ይሉኛል? ሸክሙን ሁሉ የሚችለው የትኛው ነው?»

ፋና ደስ አላት። ያ ደስታ ነው ያታለላት። ሳታስብ በጣቷ ወደ አመዱ ጠቆመች።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ በመቋሚያቸው አመዱን ገፋ አድርገው ዘንጉን ገለጡ፤ መስቀላቸውን አንሥተው ጸሎት ጀመሩ። ያኔ ነው የደግሰው ቃል ትዝ ያላት። ተነሥታ ቆመች። «አባ፣ ገና ትኩስ ነው» ማለት ነበረባት። ግን ጸሎት ላይ ያለ ቄስ አይቋረጥም፤ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የአባቷም ዓይን ተጨፍኗል፤ ድምፃቸውም የደግሰውን የክርስትና ስም ሲጠራ ተንቀጥቅጧል። ጸሎቱ እስኪያልቅ ልትጠብቅ ወሰነች። ጸሎቱ ሳያልቅ ግን ጠበሉ ተረጨ፤ ጀሪካኑም ብየዳው ላይ ተገለበጠ።

ዘንጉ ቸስ አለ። እንፋሎቱ የአባቷን ጢም ሸፈነው።

«እሰይ!» አሉ ቄሱ ዓይናቸውን ገልጠው እየሳቁ። «ክፉውን ሁሉ ለቀቀ። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እኔ ራሴ፣ በጊዜው እነግረዋለሁ።»

ፋና አመዱን መልሳ አለበሰችው። ጠበል ነው እንጂ ተራ ውሃ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። ያን ዕለት ማታ አባቷ ደግሰውን «ና፣ ቅረብ» አሉት። እናቷ ደብሪቱ ወጥ ደጋግማ ጨመረች። ደግሰው ለምን እንደ ተጠራ አልጠየቀም፤ አንገቱን ደፍቶ በላ። እንዲያ ያለ እራት በዚያ ቤት ከተበላ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ፋና ግን ቶሎ እጇን ታጠበች።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሦስት እግሯ ከግቢው ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች። ደግሰው የባጃጅ ወንበር ገጥሞላታል፤ ከኋላ ደግሞ የጭነት ሣጥን አላት። ጎረቤቱ አያ ደባሱ አንድ ከረጢት ገብስ ጭነው አጠገቡ ተቀምጠዋል። እትዬ ባንችይርጋ እንቁላል በጭድ ደርድራ የያዘችበትን ቅርጫት እንደ ሕፃን አቅፋለች።

«አንቺ የብረት በቅሎ፣ ከጣልሽኝ ወዮልሽ!» አሉ አያ ደባሱ ሣጥኑን በመዳፋቸው እየመቱ።

«እርስዎን ከተሸከመች የኔን እንቁላል አትሰብርም» አለች ባንችይርጋ።

«ምን ትበላለች ግን? ሳር አትግጥም፣ ገለባ አትወድ።»

«እንደ እርስዎ ጠላ ካልጠጣች ጥሩ ናት።»

ሰው ሳቀ። የፋና እናት አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ወንበሩ ላይ ተመቻችታለች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ላሊበላን አላየችም። «ቤተ ማርያምን ሳልሳለም ስንት ጊዜዬ!» ትላለች ለሰማው ሁሉ። ቄስ ሀብተ ሥላሴም ጥምጥማቸውን አሳምረው ከጎኗ ተቀመጡ።

ከፊታቸው ቁልቁለቱ አለ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ሦስት ቦታ እየታጠፈ ይወርዳል፤ በግራ በኩል ገደል ነው። ፍሬኑም የሚይዘው በዚያው ዘንግ በኩል ነው። ዘንጉ ቢሰበር የሚያቆማት ነገር የለም።

ፋና ወደ አባቷ ቀረበች። «አባ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። በሌላ ቀን ይሂዱ።»

«ለምን፣ ልጄ?»

«እንዲሁ። ፈርቼ።»

አባቷ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ሹክ አሏት፤ ዓይናቸው እየሳቀ ነው። «ምን ያስፈራሻል? እኔና አንቺ እናውቃለን እኮ። የተባረከ ነው። እኔ ካልተቀመጥኩበት ማን ይቀመጥበታል?»

ደግሰውን ዞራ አየችው። ሞተሩን ሊያስነሣ እግሩን አንሥቷል። ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«ውሃ ነክቶታል» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ዘንጉን። አመድ ውስጥ እያለ። ሳይበርድ።»

እግሩን አወረደ። «ማነው የነካው?»

ዓይኗ ወደ ወንበሩ ሄደ። «ጠበል ነው» አለች። «ጣሃ ጋ ስትሄድ መጡ። ባረኩልህ። እንዳልነግርህ አሉኝ።»

ደግሰው ቆጣ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ግን ቁጣ አልነበረም።

«ባረኩልኝ?» አለ።

«አዎ።»

«ለኔ? አባ?»

«በክርስትና ስምህ እየጠሩ።»

ደግሰው ለአፍታ ወንበሩ ላይ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ አየ። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። እጁን ዘረጋላት። ፋና ላምባ የነካውን ጨርቅና ጠመኔውን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው።

«ምን ጠፋው ደግሞ?» አሉ አያ ደባሱ።

«ዳዶ ላጠብቅ ነው» አለና ከሥር ገባ። ፋናም ተከትላው ገባች። ከላያቸው እናታቸው ስለ ቤተ ማርያም ታወራለች። ደግሰው ቀባ፤ ጠበቁ፤ ጠረገ፤ ነሰነሰ። ትናንት ያዩት አንድ ጎኑን ብቻ ነበር። አሁን ካቴናውን በእጃቸው ጎተት እያደረጉ፣ ባለሦስት እግሯን ትንሽ ወደ ፊት አንቀሳቅሰው፣ ዘንጉን አዞሩና ሌላውን ወገን አዩ። ጥቁሩ መስመር አልቆመም። ዘንጉን ግማሽ ያህል ከብቦ ብየዳው ሥር ገብቷል።

ደግሰው ግንባሩን ክንዱ ላይ አደረገ። ከዚያ ወጥቶ ቆመ።

«ውረዱ» አለ።

«ምን?»

«አትሄድም። ውረዱ፣ ይቅርታ።»

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ባንችይርጋ። «ገበያው ሊረፍድ ነው እኮ!»

«ምን ሆና ነው አትሄድም?» አሉ አያ ደባሱ። «አሁን ዳዶ አልነበረም?»

ደግሰው ወደ ማንም አላየም። «ዘንጉ ተሰንጥቋል። ጥፋቱ የኔ ነው። ብየዳውን አበላሽቼዋለሁ። ቸኮልኩና ሳይበርድ አወጣሁት።»

«ደጉ!» አለች ፋና።

«አንቺ ዝም በይ» አላት። ቃሉ አልከረረም። ልመና ነበር።

አያ ደባሱ ገብሳቸውን እያወረዱ ይስቁ ጀመር። «እኔ እኮ ብያለሁ፤ በቅሎ በማኅፀን እንጂ በመዶሻ አይወለድም!» ባንችይርጋም ልታስቀው ብላ «ቀሽም ወጌሻ ነህ ለካ፣ የራስህን ስብራት እንኳ አልጠገንክ» አለችው። ደግሰው እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ሞከረ፤ አልሆነለትም። እናቱን ደግፎ አወረዳት። እሷም ፊቱን ዳበስ አድርጋ «ግድ የለም፣ ሌላ ቅዳሜ አለ» አለችና እያነከሰች ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ መጨረሻ ወረዱ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን አልነበረም፤ ፋናን ነው። ዓይናቸው «የባረክሁት?» ብሎ ጠየቃት። እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ ደግሰው ዞሩ።

«ቸኩለህ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ከመቅደሱም የወጣኸው ቸኩለህ ነበር» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ግን መንገድ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሳቁም ቆመ። ደግሰው የቆመበትን ድንጋይ አየ። አባቱ በመቋሚያቸው መንገዱን እየመቱ፣ በብረቱ በኩል ሳያልፉ፣ በጓሮ ዞረው ገቡ።

ፋና አፏ ውስጥ ቃል ሞልቶ ቆማለች። ሮጣ «ደግሰው አይደለም፣ እርስዎ ነዎት» ልትላቸው? ከልጃቸው ጋር ለመታረቅ ተደብቀው ይዘውት የመጡትን ጠበል ልትወቅስ? ወይስ ዝም ብላ ወንድሟ ባላጠፋው እንዲቀጣ ልትተው? በሁለቱም በኩል የምትወደው ሰው አለ፤ በሁለቱም በኩል የሚያልፍ መንገድ የለም። ጸሎቱን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብታቋርጥ ኖሮ፣ ተቆጥተው ይቀጥሉ ነበር፤ በቃ።

ወደ ቤት ገባች። እናቷ ጉልበቷን ቅባት እያሸች ነው። አባቷ ጥግ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ገልጠዋል፤ ገጹን ግን አላገላበጡም።

«አባ» አለች።

«እህ።»

«ደጉ…»

«ተይው» አሉ። ቀና ሳይሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ጨመሩ፦ «የሱ ብቻም አይደለም። ውሃው እንኳ አልሠራለትም። የኔ እጅ ነው የማይበቃው።»

ፋና ደነገጠች። ውሃው መሥራቱንስ እንዴት ትነግራቸዋለች? እንዴትስ ሳትነግራቸው ታድራለች? ገበታው አጠገብ ቆመች። የአባቷ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጸሎት ላይ ናቸው።

ደጅ የብረት ድምፅ ይሰማል። ደግሰው ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች አውልቆ፣ ዘንጉን ከነጥርሱ አወጣው። ባለሦስት እግሯ በኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ዘንጉን ኬሻ ውስጥ ከቶ በገመድ አሰረው። አውራ መንገድ ላይ መኪና ይዞ ወልድያ ድረስ ሊወስደው ነው፤ ወይ ሌላ ሊያስቀርጽ፣ ወይ ቁርጥራጭ ብረት መካከል መልሶ ሊጥለው። በትከሻው አነሣውና ክብደቱ አዘንብሎት ወደ መንገዱ ወጣ።

መንገድ ዳር አያ ደባሱ አንድ አህያ ተውሰው ገብሳቸውን እየጫኑ ነበር። ባንችይርጋ «ደመናውን አዩት? ዘንድሮ ያለ ጊዜው ሊጥል ነው» ትላቸዋለች። እሳቸውም አንገታቸውን አዙረው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ እያዩ «ይጣል እንጂ፣ ባቄላው ተጠምቷል» ይላሉ።

ፋና ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደች። እናቷ ጉልበቷን እንዳሸች ናት፤ አባቷ ከዳዊታቸው ቀና አላሉም። የበሩን መዝጊያ ድምፅ ሳታሰማ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ደግሰውን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደረሰችበት። ዞሮ አየት አደረጋት። ኬሻውን ከትከሻው አውርዶ አንዱን ጫፍ ወደ እሷ ለቀቀላት። ያዘችው። ከባድ ነበር። ከላይ የሰው ድምፅ ስለ ባቄላው እንደ ቀጠለ ሁለቱ ዘንጉን በመካከላቸው ይዘው፣ እርምጃቸውን እያስተካከሉ፣ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ።